አንድ ነጠላ፣ አንድ ጋቢ፣ ሁለት ቀሚስ

የመጀመሪያ ረጅም ጉዞዬ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ያስጨነቀኝ ልብሱ ብቻ ነው። መኝታ አልያዝኩም። መንገዱ ምን ያህል እንደሚፈጅ እንኳ በቅጡ አልጠየቅኩም። ቀሚሱ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ተገዝቶ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሏል። ነጭ ነው፤ ከደረቱ እስከ እግሩ ቀይና ወርቃማ ጥለት ወርዶበታል። ለሚያየው ሰው የሐበሻ ቀሚስ ነው። ዋጋው በጣም ረክሶ ነበር። ለምን እንደረከሰ አልጠየቅኩም።

ይሄን የምጽፈው ብቻዋን ወይም ከጓደኞቿ ጋር አገሯን ልታይ ለተነሳች፣ ሻንጣዋ ፊት ቆማ «ምን ልያዝ?» ለምትል እህቴ ነው። እኔ መልሱን ያገኘሁት ዓመታት ፈጅቶብኝ፣ ብዙ መንገድ ሄጄ፣ ጥቂት ልብስም አበላሽቼ ነው። አንቺ ከዚያ ብትጀምሪ ደስ ይለኛል።

ለመንገዱ የለበስኩት ጠባብ ጂንስና ወፈር ያለ ጃኬት ነበር። ከአዲስ አበባ በሌሊት ስንነሳ ይበርዳል፤ ጥሩ ለብሻለሁ አልኩ። ጎሃ ጽዮንን አልፈን አውቶቡሱ ወደ አባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር ግን አየሩ ተቀየረ። ያ መንገድ ከደጋው ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ በደጀን በኩል ዳገቱን ይያያዘዋል። በአንድ ጠዋት ደጋ፣ ቆላ፣ እንደገና ደጋ ማለት ነው። ጃኬቴን አወለቅኩ፤ ጂንሱ ግን ጭኔ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ጋቢያቸውን አውልቀው አጣጠፉና ከጀርባቸው አደረጉት። ስስ የጥጥ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ቀሩ። ዳገቱን ስንወጣ ጋቢውን መልሰው ደረቡት። መንገዱን ሙሉ አንዴም «ሞቀኝ» ወይም «በረደኝ» ሲሉ አልሰማኋቸውም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሴቶች ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የሚጽፈው ግን የለም። አውቶቡስ ረጅም መንገድ ላይ የሚቆመው ሽንት ቤት ባለበት ብቻ አይደለም። ረዳቱ «ሴቶች በዚህ፣ ወንዶች በዚያ» ብሎ ገላጣ ሜዳ ላይ ያወርድሻል። ጠባብ ጂንስ ለብሰሽ፣ ቁጥቋጦ እንኳ በሌለበት፣ ምን ታደርጊያለሽ? ሰፊ ቀሚስ የለበሱት ሴቶች በዝምታ ቁጢጥ ብለው ተነሱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እኚያ እናት አይተውኝ ነበር። ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው «ነይ የኔ ልጅ፣ እኔ እጋርድሻለሁ» አሉኝ። ያን ነጠላ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጂንስም ከዚያ ወዲህ ለረጅም መንገድ ለብሼ አላውቅም።

ጎንደር ከተራ ዕለት ገባን። ጥር 11 ማለዳ ገና ሳይነጋ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ቆሜያለሁ። ቀሚሴን ለብሼ፣ የእናቴን ነጠላ ደርቤ። የእናቴ ነጠላ የእጅ ፈትል ነው፤ ከሰርጓ ጊዜ ጀምሮ ያስቀመጠችው። ካህናቱ ውሃውን ባርከው ወደ ሕዝቡ ይረጩ ጀመር። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣው ውሃ! እጆቼን ዘርግቼ ተቀበልኩት። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ቁልቁል ሳይ ከደረቴ ጀምሮ ቀይ ውሃ ይወርዳል። የቀሚሱ ጥለት ቀለሙን ለቋል። የእናቴ ነጠላ ቀሚሱን የነካበት ቦታ ሁሉ ሮዝ ሆኗል።

ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት የቀሚሴን ጫፍ ያዙ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹት፤ ከዚያ ገለበጡት። ውስጡ ነጭ ነው። ጥለቱ ከላይ ብቻ ነው ያለው። «ይሄ እኮ የታተመ ነው ልጄ። አልተሸመነም» አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ እንዳዘኑልኝ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ የራሳቸውን ቀሚስ ጥለት ገልብጠው አሳዩኝ። በውስጥ በኩል ክሮቹ አሉ፤ አንዱ ከአንዱ ሲያያዝ፣ ሲሻገር፣ ሲመለስ ይታያል። የእኔንና የእሳቸውን አንድ ላይ ይዘው «ይኸውልሽ፣ ልዩነቱ ከጀርባው ነው» አሉ።

እኔም ልብስ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። ጥለቱን ገልብጪ። ታትሞ ከሆነ ጀርባው ፈዛዛ ወይም ባዶ ነው። ቀጥለሽ ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥበሽ ጥለቱን እሺው፤ ሶፍቱ ቀለም ከያዘ ቀሚሱም ዝናብ ሲነካው እንደዚያው ነው። ሻጩ ከፈቀደልሽ ደግሞ ከዘርፉ ከነጩ አንድ ክር ምዘዢና በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ብን የሚል አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠጣር ጥቁር እንክብል ሆኖ ይቀራል። የምትለኩሺው ነጩን ነው፤ የጥለቱ ክር በእጅ በተሸመነ ልብስም ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ነውና አያሳስትሽ። እውነተኛ ሸማ የሚሸጥ ሰው በዚህ አይቆጣም። እንዲያውም ክሩን ራሱ መዝዞ የሚሰጥሽ ነጋዴ ገጥሞኛል።

ከጎንደር ስመለስ አንድ ነገር ከነከነኝ። በየበዓሉ እለብሰዋለሁ፣ በየሰርጉ እገዛዋለሁ፣ ግን ሸማ ሲሠራ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ዶርዜ ሄድኩ።

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ በጋሞ ደጋ ውስጥ ነው። አርባ ምንጭ ሞቃት ነው። አባያንና ጫሞን ቁልቁል እያየሽ፣ ላብሽን እየጠረግሽ ትሳፈሪያለሽ። መኪናው ዳገቱን መጠምዘዝ ሲጀምር ሙዙ እየራቀ ይሄዳል፤ እንሰቱና ቀርከሃው ይመጣል። ስትወርጂ ጉም ይቀበልሻል። ያን ጊዜ ብልጥ ሆኜ ነበር፤ ቀሚሴ የጥጥ ነው፣ ሹራብ ይዣለሁ። ቢሆንም አልበቃኝም።

ቤቶቹን በፎቶ ሳታዪአቸው አትቀሪም። ከቀርከሃ ተጠልፈው የሚሠሩ፣ የዝሆን ፊት የሚመስሉ፣ አዲስ ሲሆኑ እስከ 12 ሜትር የሚደርሱ ናቸው። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል። ስለዚህ ረጅም ቤት ካየሽ አዲስ ነው፤ አጭር ካየሽ ብዙ ዓመት አይቷል።

እኔን የያዘኝ ግን ከአንዱ ቤት አጠገብ፣ ዳስ ሥር የነበረው የሽመና ጉድጓድ ነው። ሸማኔው መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቷል። በእግሩ ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ ግማሹ ክር ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች። በተከፈተው መሃል መወርወሪያውን ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ይወረውረዋል። ማጉ ተከትሎ ይገባል። ከዚያ ወደ ራሱ ጎትቶ ይመታዋል። ርግጥ፣ ውርወራ፣ ምት። ርግጥ፣ ውርወራ፣ ምት። «ድርና ማግ» ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ! ለካ ድሩ ተወጥሮ የሚጠብቀው ነው፤ ማጉ ደግሞ የሚመላለሰው። አንድ ሸማ የሚሰፋው እጅ መወርወሪያውን ወርውሮ መቀበል እስከሚችልበት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሰፊ ልብስ ሁሉ መሃሉ ላይ ስፌት ያለው። እኔ ያንን ስፌት ጉድለት ይመስለኝ ነበር።

ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ቆመ። የድሩን ክሮች በጣቱ ቆጥሮ ያነሳል፤ ባለቀለሙን ክር ከሥራቸው ያሳልፋል፤ እንደገና ይቆጥራል። ፊቱ ላይ ሥዕል የለም፣ ወረቀት የለም። ቁጥሩ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። ተቀምጬ አየሁት። ሻይ ጠጥቼ ተመልሼ አየሁት። ከሰዓት በፊት ካየሁት እስከ ሄድኩበት ሰዓት ድረስ ጥለቱ ከስንዝር ብዙም አላለፈም። «ስንት ዓመትህ ነው ስትጀምር?» አልኩት። «ከአባቴ አጠገብ ስቀመጥ እግሬ ጉድጓዱ ወለል አይደርስም ነበር» አለኝ።

እዚያ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ። አንዲት እናት ባዘቶና እንዝርት ሰጥተውኝ ሞከርኩ። እንዝርቷ ስትሽከረከር ከባዘቶው ክር እየሳቡ ማቅጠን ነው ሥራው። እኔ ስስበው ይበጠሳል። ያዝ ሳደርገው ይወፍራል። «ቀስ፣ ጥጡ ራሱ ይሰጥሻል፤ አትንጠቂው» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ታግዬ ያወጣኋት ክር ከክንዴ ትንሽ ብትረዝም ነው። አንድ ጋቢ ውስጥ ስንት እንደዚህ ያለ ክንድ እንዳለ አስቢው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሸማ ስገዛ አልከራከርም አልልሽም። እከራከራለሁ። ግን የዋጋው ግማሽ ካልሆነልኝ ብዬ አልሄድም። ስንት ድካም እንዳለበት ዓይቼዋለሁና።

ከዶርዜ አንድ ነጠላና አንድ ጋቢ ይዤ ተመለስኩ። ነጠላ ስሙ ነጠላ ይባል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሁለት ስስ ሸማ ተደርቦ ነው የሚሠራው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ቡሉኮ ከዚያም ይወፍራል፤ እሱ ለቤት ነው፣ ለሻንጣ አይሆንም። ዶርዜ መሄድ ካልተመቸሽ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አለልሽ፤ እንጦጦ ሥር። እዚያ አካባቢ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ሱቁ ፊት ብቻ አትቁሚ። «የሠራውን ሰው ማግኘት እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ከኋላ ባለው ሰፈር የሽመናውን ድምፅ ተከትለሽ መሄድ ትችያለሽ። ከሸማኔው ካዘዝሽ ጥለቱን፣ ስፋቱን፣ ቀለሙን ራስሽ ትመርጫለሽ። በዓል ሲቃረብ ግን አይሆንም፤ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ዋጋውም ይወጣል። ለጥምቀት የምትፈልጊውን በክረምት እዘዢ።

ነጠላው የጉዞ ልብሴ ሁሉ እናት ሆነ። አቧራ ሲመጣ አፍንጫዬን እሸፍንበታለሁ። ፀሐይ ሲበረታ ራሴ ላይ ነው። መኪና ውስጥ ትራስ ነው። ልብስ መቀየሪያ በሌለበት መጋረጃ ነው። ሌላ ሴት ሜዳ ላይ ስትቸገር ደግሞ ዘርግቼ እቆምላታለሁ።

ግን ነጠላ ሻርፕ አይደለም፤ ይናገራል። ይሄን ያወቅኩት ላሊበላ ነው። ጠዋት ብርድ ነበር። ነጠላዬን አዙሬ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ለበስኩት፤ ፊቴ አጠገብ ቀለሙ ስለሚያምር፣ ፎቶ ላይም ስለሚታይ። ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ስወርድ አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ክንዴን ያዙና ዓይን ዓይኔን እያዩ «ማን ሞቶብሽ ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። «ኧረ ማንም፣ እማማ» አልኩ። ደነገጡ። «ታዲያ ምነው አዘቀዘቅሽው?» ብለው ነጠላዬን ከትከሻዬ አነሱ። ገለበጡት። ጥለቱን ወደ ታች አውርደው መልሰው አለበሱኝ፤ በመጨረሻ እንደ ልጃቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ለካ ነጠላ ማዘቅዘቅ የሐዘን ነው። ጥለቱ ወደ ላይ ወደ ፊት ከሆነ ሰው ሞቶብሻል ማለት ነው። ለደስታና ለበዓል ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ መስቀለኛ ታጣፊያለሽ፤ ሁለቱ ጫፎች ደረትሽ ላይ ተሻግረው ወደ ትከሻሽ ይሄዳሉ። ወገብ ላይ ማደግደግ ደግሞ የአክብሮትና የሥራ ነው፤ በድግስ የምታስተናግድ ሴት አደግድጋ ታያታለሽ። ይሄን ሁሉ ቤታችን ውስጥ እናቶቻችን ሲያደርጉት አይተናል። ጠርተው ስላላስተማሩን፣ እኛም ስላልጠየቅን ነው ያለፈን። እባክሽ ከመውጣትሽ በፊት እናትሽን ወይም አያትሽን «እስቲ አለባበሱን አሳዩኝ» በያቸው። እኔ ከላሊበላ ስመለስ እናቴን ጠይቄያት አንድ ሙሉ ከሰዓት መስታወት ፊት ቆመን ዋልን።

ላሊበላን ካነሳሁ አይቀር። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ማታና ጠዋት ጋቢ ያስፈልግሻል። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ስትዞሪ ጫማ በተደጋጋሚ ታወልቂያለሽ፤ ማሰሪያ ያለው ቡትስ አድርገሽ ከሄድሽ ቀኑን ሙሉ ስትፈቺና ስታስሪ ትውያለሽ። ሳብ አድርገሽ የምታወልቂው፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያዢ፤ ድንጋዩ በብዙ እግር ተረግጦ ለስልሷል። ወፍራም ካልሲም ያዢ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም። ቀሚስሽ ከጉልበት በታች ይውረድ። መንገድሽን ስታቅጂ ደግሞ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት እንዳሉ አትርሺ። ደብረ ዳሞ አንገባም። ከጣና ገዳማት ክብራን ገብርኤል አንገባም፤ ዘጌ ያለችውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግን ገብተሽ ሥዕሎቿን ማየት ትችያለሽ። ጀልባ ከመክፈልሽ በፊት የትኛው ገዳም እንደሆነ አረጋግጪ። አንድ ባለጀልባ ይሄን ሳይነግረን ወስዶን እኔና ጓደኛዬ ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ ዳር ቆመን ጠብቀናል።

ምሥራቁ ሌላ ዓለም ነው። ድሬዳዋ በባቡር ሄድኩ፤ ከለቡ ጣቢያ ተነስቼ። እዚያ ጋቢሽን ከሻንጣ አታወጪውም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ናት፤ ሙቀቷ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሰማሻል። የመጀመሪያውን ቀን ባለእጅጌ ቀሚሴን ለብሼ ዞርኩ፤ ደከመኝ። ያረፍኩበት ቤት ያሉት ሴቶች ሁሉ ድሪያ ነው የለበሱት። ድሪያ ሰፊ፣ ስስ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚፈስ ቀሚስ ነው፤ ሰውነትሽን የትም አይይዝም፣ ነፋስ ከሥር ይገባል። በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ሄጄ አንድ ገዛሁ፤ ቢጫ፣ ትልልቅ አበባ ያለው። ያን ቀን ነው የቆላ ሰው ለምን ሰፊ እንደሚለብስ የገባኝ። እኛ የደጋ ልጆች ሲሞቀን ልብስ እንቀንሳለን። እነሱ ልብሱን ያሰፉታል። ፀሐዩ ቆዳቸውን አያገኘውም፣ አየሩ ግን ይዞራል። አሁን ወደ የትኛውም ቆላ ስሄድ ያቺ ድሪያ አብራኝ አለች። ስትታጠፍ ከሁለት እጅ መዳፍ አትበልጥም።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ዳገት ትወጫለሽ። አየሩ ቀለል ይላል። በግንብ የታጠረው ጀጎል ውስጥ ስትገቢ መንገዱ ጠባብ፣ ግድግዳው ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ነው፤ ሴቶቹ ከግድግዳው በላይ ደማቅ ለብሰው ያልፋሉ። ጠና ያሉት ፀጉራቸውን ለሁለት ከፍለው ከጆሯቸው ኋላ ጠቅልለው በስስ መረብ ይሸፍኑታል፤ ጉፍታ ይባላል። ግንቡ በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እኔ ግን ከግንቡ ይልቅ ቀልቤን የወሰደው አንድ መንገድ ነው፤ መኪና ግርግር።

ስሙ ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም በእግራቸው ይረግጣሉ። ግር፣ ግር፣ ግር። ጨርቁ እዚያው ይሸጣል። ጨርቅሽን መርጠሽ ገዝተሽ ከፊታቸው ቁጭ ትያለሽ፤ ይለኩሻል፣ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ። እኔ ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ ገዝቼ ወደ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። ቀላል ቀሚስ ነው የፈለግኩት፤ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እጅጌው እስከ ክርን፣ ጎኖቹ ላይ ኪስ። ከዚያ ድምፄን ቀንሼ «ጋሼ፣ አንድ ኪስ ደግሞ ከውስጥ በኩል ይሁንልኝ፤ ለብር» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። «ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ምንም ሳይሉ ከቁራጭ ጨርቁ ላይ አነሱ። ኪሱን ከወገብ ዝቅ አድርገው፣ ከስፌቱ ጋር አያይዘው፣ አፉ ላይ ትንሽ ቁልፍ አደረጉበት። እጄን አስገብቼ እንድሞክር አደረጉኝ። ጠበበኝ። ፈቱና እንደገና ሰፉት። ለእሱ ተጨማሪ ሂሳብ አልተቀበሉኝም።

ያቺ ቀሚስ አሁን ሁለተኛ ቆዳዬ ናት። ብሩም፣ መታወቂያውም፣ የቤት ቁልፉም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መናኸሪያ ግፊያ ውስጥ ስገባ ቦርሳዬን እየጨበጥኩ አልጨነቅም። ሰፈርሽ ያለ ልብስ ሰፊ ይሄን ሊሠራልሽ ይችላል፤ ያለሽን ቀሚስ ይዘሽ ሂጂ። የኪሱን ቁልፍ ግን አትርሺ፤ ቁልፍ የሌለው ኪስ ስትቀመጪ ያፈሳል።

ስለዚህ አሁን ስነሳ የምይዘው ይሄ ነው። የሐረሯ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሻት እወጣለሁ። ሁለተኛዋ ነጭ የሸማ ቀሚስ ናት፤ ጥለቷ ቀጭን፣ ለቤተ ክርስቲያንም ለእንግድነትም የምትሆን። ነጠላው ትከሻዬ ላይ፣ ጋቢው ቦርሳዬ ውስጥ። ቆላ ከሆነ ጋቢው ይቀርና ድሪያዋ ትገባለች። ከቀሚሱ ሥር የምለብሰው ጥቁር ሱሪ አለኝ፤ ተራራ ስወጣ፣ በቅሎ ላይ ስቀመጥ፣ ሲበርደኝ። በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ስሄድ ይሄ ሁሉ በአንድ ላይ ተደርቦ ነው የወጣሁት፤ ከላይ የንፋስ ጃኬት ጨምሬ። እዚያ ግን ጋቢ ብቻውን አይበቃም። ጋቢ ሙቀት ይይዛል እንጂ ዝናብ አይከለክልም፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈጃል።

ቀለሞቹን ልብ ካልሽ እርስ በርስ የማይጣሉ ናቸው። የትኛውም ከየትኛውም ጋር ይሄዳል። ፎቶዬ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ነው የሚታየው የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው። ላሊበላም፣ ሐረርም፣ ዶርዜም ያቺው ነጠላ ናት። እኔ ያንን ወድጄዋለሁ፤ ፎቶዎቹን ስደረድራቸው አንዲት ሴት በብዙ አገር ስታልፍ ይታየኛል።

ላጊጥ ካልሽ ጌጡን ከመንገዱ ግዢ። እኔ ከየቦታው ትንሽ ነገር አመጣለሁ፤ የአንገት መስቀል፣ ዶቃ፣ የእጅ አምባር። ወርቅ መስሎ የሚያብለጨልጭ ነገር አድርጌ ግን መናኸሪያ አልገባም። ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ ስለመንገዱ እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቂ፤ ስለ ሰላሙም፣ ስለ አየሩም፣ ስለ አለባበሱም። የአገሩ ሴቶች ምን እንደሚለብሱ የሚነግርሽ የአገሩ ሰው ነው።

እጥበቱን ላስረዳሽና ልጨርስ፤ ብዙ ሴቶች ሸማ የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው። ማሽን ውስጥ አታስገቢው። ሰፋ ባለ ሳፋ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ ብቻውን እጠቢው። ጥለቱ ላይ በረኪና አይንካ። ጠምዝዘሽ አትጭመቂው፤ ውሃውን በመዳፍሽ ተጫኚና አውጪው። ገመድ ላይ ዘርግተሽ ጥላ ውስጥ አስጪው። ስትተኩሺው ጥለቱን ገልብጠሽ ከጀርባው ተኩሺ። ገጠር የእንዶድ እጥበት ካጋጠመሽ ደግሞ አትለፊው፤ የፍሬው አረፋ ሸማን አጥርቶ ነው የሚያነጣው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት አድዋ ላይ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ አጠገብ ነው። እኔ ይሄን ሳስብ እነዚያ ሴቶች ይመጡብኛል፤ ሸማቸውን ሲያሹ።

የእናቴ ነጠላ? ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሮዙ ፈዘዘ እንጂ አልለቀቀም። እናቴ «ተይው፣ የጥምቀት ምልክት ነው» ብላ መልሳ ሰጠችኝ። ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ቦርሳዋ ውስጥ አጣጥፌ የከተትኩላት እሱን ነው። ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንድትለብሰው በር ላይ ቆሜ ነገርኳት።